በመርከብ የገባው ምስጥ

ከተማን የሚያፈርስ ጠላት ሲባል ቶሎ በአሳባችን የሚመጣው ወይ መድፍ ነው፤ ወይ እሳት ነው፤ ወይም የምድር መናወጥ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኘው የሴንት ሄሌና ደሴት ግን ዋና ከተማዋን ጄምስታውንን ያፈረሰባት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ርዝመቱ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ዐይን የሌለው፣ ከብርሃንም የሚሸሽ ትንሽ ተባይ ነው። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማው ተረት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጥፋቱን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ጽፈው ስላቈዩን ታሪክነቱ የተረጋገጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ደሴቲቱ ስሟን ያገኘችው እኛ ንግሥት እሌኒ ከምንላት ከታላቁ ቈስጠንጢኖስ እናት ነው። ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን ስፋቷ ከ122 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ፖርቱጋሎች በ1502 ባገኟት ጊዜ ሰው ያልሰፈረባት፣ ዱር የለበሰች አገር ነበረች። ይሁን እንጂ መርከበኞች ለስንቅ እንዲሆኗቸው የለቀቋቸው ፍየሎች ቡቃያውን፣ ኋላ የሰፈሩትም ሰዎች ግንዱን እየጨረሱ ዱሩን አራቈቱት። ከ1659 ጀምሮ የያዛት የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ነው። ለዓለም ሁሉ ስሟ የተሰማው ደግሞ ናፖሌዎን ቦናፓርት በ1815 በግዞት ተወስዶባት በ1821 ስለ ሞተባት ነው። በ1834 ደሴቲቱ ከኩባንያው እጅ ወጥታ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ዘውድ ስትተላለፍ፣ ኩባንያው ያፈስላት የነበረው ገንዘብ ቀረባትና ሕዝቡ ተቸገረ። እንግዲህ ታሪካችን ሲጀምር የምናገኛት ሴንት ሄሌና እንጨትም ገንዘብም ያጠራት፣ ነገር ግን በየዓመቱ እጅግ ብዙ መርከብ ውሃና ስንቅ ሊቀዳባት የሚቆምባት ደሴት ናት።

እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 በሕግ ከከለከለች በኋላ፣ የባሕር ኀይሏ በአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ እየተዘዋወረ የባሪያ ነጋዴዎችን መርከቦች ይይዝ ነበር። በ1840 በሴንት ሄሌና ስለ ተያዙት መርከቦች የሚፈርድ የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ፍርዱ የሚፈጸምበት መንገድ ለታሪካችን ቁልፍ ስለ ሆነ ጥቂት ልንገልጸው ይገባል። መርከቢቱ የባሪያ ነጋዴ መሆኗ ሲረጋገጥ በውስጧ የታጐሩት ሰዎች ነጻ ይወጣሉ፤ መርከቢቱም ትፈርስና ሳንቃዋ ለብቻ፣ ምሰሶዋ ለብቻ፣ ገመዷ ለብቻ ሆኖ በጨረታ ይሸጣል። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልወጣም። ቀደም ሲል የተወረሱት መርከቦች እንዳሉ ሲሸጡ፣ ነጋዴዎቹ በወኪሎቻቸው እጅ እየገዙ ወደዚያው ርኩስ ንግድ ይመልሷቸው ነበር። ስለዚህ መርከቢቱን ማፍረስ ብልህነትም ጽድቅም ነበር።

ዱሩ ላለቀበት ደሴት ደግሞ ጨረታው ሲሳይ ሆነ። ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ ይመጣ የነበረው ጠርብ አሁን በደጃፉ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ከነዚህም መርከቦች አንዷ፣ በ1840 ገደማ የተያዘችና ከብራዚል ጋራ በሚደረገው ንግድ ትመላለስ የነበረች፣ በጄምስታውን ፈርሳ እንጨቷ በከተማው ውስጥ ተከመረ። በዚያ እንጨት ልብ ውስጥ ምስጥ ነበረበት። የደሴቲቱ ሰዎች ኋላ ነገሩን ሲመረምሩ የደረሱበት ይህን ነው።

እንግሊዞች ይህን ተባይ ሲጠሩት «ነጭ ጕንዳን» ይሉታል። እኛ ከጥንት ጀምሮ ምስጥ ብለን ከጕንዳን ለይተን ስለ ጠራነው፣ ቢያንስ በዚህ አንድ ነገር ቋንቋችን ከተፈጥሮ ሊቃውንት ጋራ ተስማምቷል። ምስጥ የጕንዳን ዘመድ አይደለምና፤ የቅርብ ዘመዱ በረሮ ነው።

የአገራችን ሰው ምስጥ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው በሜዳ ላይ የቆመው ኵይሳ ነው። ወለጋን የሚያውቅ ሰው ኵይሳ ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ፣ ሰብልና የሣር ቤት ሲጠፋ አይቷል። ነገር ግን ኵይሳ የሚሠራው ምስጥ በባሕር ተሻግሮ አገር አይወርም። ኑሮው ከአፈሩ ጋራ፣ ምግቡም በጎጆው ውስጥ ከሚያበቅለው የእንጉዳይ ዘር ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ከአፈሩ ቢነቀል ይሞታል። ደሴትን የሚወርረው ምስጥ ሌላ ዐይነት ነው። በዓለም ያሉትን ወራሪ ምስጦች የመረመሩ ሊቃውንት ሁሉንም የሚያስተባብር ሦስት ጠባይ አግኝተውባቸዋል፤ ይኸውም ምግባቸው እንጨት ነው፤ ቤታቸውም ያው የሚበሉት እንጨት ነው፤ ንግሥቲቱ ከሞተች ወይም ከመንጋው ከተለየች ደግሞ ከቀሩት መካከል ምትክ ንግሥት በቀላሉ ይወጣል። ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉ የከፋ ነው። አንድን ሳንቃ ከሁለት ብትሰነጥቀው፣ ንግሥቲቱ በአንደኛው ክፍል ብትቀር እንኳ፣ በሌላው ያሉት ጥቂት መቶ ምስጦች ራሳቸውን ችለው አዲስ መንግሥት ይመሠርታሉ። እንዲህ ከሆነ መርከብን ሰባብሮ በየክፍሉ መሸጥ የባሪያ ንግድን ቢያጠፋም፣ ምስጥን ለማባዛት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሊገኝ አይችልም ነበር። ይህን በዚያ ዘመን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህም ፈራጆቹን ልንወቅሳቸው አይገባም።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ጸጥታ ሆነ። የምድር ውስጥ ምስጥ በእርጥብ አፈር ሥር እየተሸሎከለከ ከምራቁና ከጭቃ በሠራው ጠባብ ዋሻ ወደ እንጨቱ ይወጣል፤ የእንጨቱን ውስጥ ሲበላም የላይኛውን ገጽ እንደ ወረቀት አሳስቶ ይተወዋል። ቀለም የተቀባው መቃን ቀለሙ ሳይጐድል፣ ወራጁና ማገሩ ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቆያል። የጄምስታውን ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይ ነበር፤ ነገር ግን ጣሪያውን የሚሸከመው፣ ወለሉን የሚይዘው፣ በሩንና መስኮቱን የሚያጸናው ሁሉ እንጨት ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት ጥፋቱ ሲገለጥ ብዙ ቤት በአንድ ዘመን ወደቀ። አንድ ቤት ቢፈርስ የባለቤቱ ስንፍና ይባላል፤ መንደር ሲፈርስ ግን መመርመር ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ጊዜ ከማንም ይበልጥ የጻፈልን ጆን ቻርልስ ሜሊስ ነው። በመሐንዲስነት የደሴቲቱን መንግሥት ያገለገለ፣ ስለ ሴንት ሄሌና ምድር፣ ዕፀዋትና እንስሳት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በ1875 በለንደን ያሳተመ ሰው ነው። በመሐንዲስ ዐይን የተጻፈ ስለ ሆነ ምስክርነቱ ይታመናል። ከተማው የምድር መናወጥ የመታው ይመስል እንደ ነበረ ይናገራል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱንም ነገር ሳይጠቅስ አላለፈም። ምስጡ የመጽሐፉን ገበታ እንዳለ ትቶ የውስጡን ወረቀት ስለሚጨርሰው፣ መደርደሪያው ከሩቅ ሲታይ ምንም ያልተነካ ይመስል ነበር። ይልቁንም የበላው የነገረ መለኰት መጻሕፍትን ነው ይባላል። ይህን ያነበቡ ሁሉ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ እኛ ግን ምክንያቱን ስናስበው፣ ምስጥ የሚወደው ሰው ለረጅም ጊዜ ያልነካውንና ከቦታው ያላነሣውን ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የደሴቲቱም መዛግብት ከዚሁ ጥፋት አላመለጡም።

መልሶ መሥራቱ ብዙ ዓመታት ፈጀ። ሰዎቹ ምስጡን ሊያጠፉት እንደማይችሉ ቶሎ ተረዱና ዐሳባቸውን ከተባዩ ወደ ቤቱ አዞሩ። በወራጅና በተሸካሚ እንጨት ፈንታ የባቡር ሐዲድ ብረት እያስመጡ በግድግዳው ላይ አጋደሙ፤ እንጨት ግድ በሆነበትም ስፍራ ምስጥ የማይደፍረውን ጠንካራ እንጨት መርጠው አስገቡ። ባቡር በሌለበት ደሴት የባቡር ሐዲድ የቤት ጣሪያ ሲሸከም ማየት ለእንግዳ ሰው የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ለማግኘት በሌላው ዓለም ገና ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

መከራው ደግሞ ብቻውን አልመጣም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ ወደ ህንድ የሚሄደው መርከብ በዚያ በኩል ማለፍ ሲጀምር፣ በ1855 ወደ 1,100 የነበረው ደሴቲቱን የሚጐበኝ የመርከብ ቍጥር በ1889 ወደ 288 ወረደ። ስለዚህ ጄምስታውን ጣሪያዋን የምትጠግንበት ገንዘብ እጅግ በሚያስፈልጋት ጊዜ ገበያዋ ራቀባት። የደሴቲቱን ድህነት ሁሉ በምስጡ ማሳበብ ልክ አይሆንም፤ ቢሆንም ክፉ ዕድል ከክፉ ዕድል ጋራ እንዴት እንደሚገጥም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

እዚህ ላይ ሳንናገር ብናልፍ የማይገባ ነገር አለ። ከተያዙት መርከቦች የወረደው እንጨት ብቻ አልነበረም። ከ1840 ጀምሮ እስከ 1860ዎቹ ድረስ ወደ 25 ሺህ የሚሆኑ አፍሪካውያን በሴንት ሄሌና ወርደዋል። ከጄምስታውን ጐን ባለው ሩፐርት በሚባለው ሸለቆ በድንኳንና በጊዜያዊ ሆስፒታል ተቀመጡ። ከመርከቡ ሲወርዱ በረኀብና በበሽታ ተጐድተው ስለ ነበር ሺዎች በዚያው ሞቱ፤ የተቀበሩትም ከ8 ሺህ እንደማያንሱ ይገመታል። ከዳኑት የሚበዙት ወደ ሌላ አገር ተላኩ፤ ጥቂቶቹ በደሴቲቱ ቀሩ። የዚያ ዘመን ጸሓፊዎች የፈረሰውን ቤትና የተበላውን መጽሐፍ በዝርዝር ሲተርኩ፣ የእነዚህ ሰዎች መቃብር ምልክት እንኳ ሳይደረግበት ቀረ። በ2007 እና በ2008 ለአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ መንገድ ሲጠረግ የጥንት ቅርስ መርማሪዎች የ325 ሰዎችን ዐፅም አወጡ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። ዐፅማቸው እንደ ገና በክብር የተቀበረው በ2022 ነው። ስለ ሴንት ሄሌና ምስጥ የሚጻፍ ታሪክ ሁሉ ከአንዲት የባሪያ መርከብ ይጀምራል፤ በዚያች መርከብ ሆድ ከምስጡ ሌላ ማን እንደ ነበረ መጠየቅ የአንባቢም የጸሓፊም ግዴታ ይመስለናል።

በሴንት ሄሌና የገባው የምድር ውስጥ ምስጥ ኋላ በሊቃውንት ዘንድ ሄትሮተርሜስ ፐርፊዱስ ተብሏል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን ከዳተኛ ማለት ነው። ከእርሱ ሌላ በደሴቲቱ የሚገኝ፣ ጠባዩም ፈጽሞ የተለየ አንድ ምስጥ አለ። እርሱም የደረቅ እንጨት ምስጥ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ክሪፕቶተርሜስ ብሬቪስ ነው። ይህኛው አፈርም እርጥበትም አይፈልግም። በአንድ ወንበር እግር፣ በአንድ የሥዕል ማዕዘን፣ በአንድ ሳጥን ክዳን ውስጥ ዕድሜውን ሁሉ ይኖራል። መኖሩን የሚያስታውቀው ከእንጨቱ ሥር የሚፈስሰው፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ስድስት ገጽ ያለው ኵሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሳይንስ የተመዘገበው በ1853 ከጃማይካ በተገኘ ናሙና ስለ ሆነ ለረጅም ጊዜ የካሪቢያን ደሴቶች ተወላጅ ይመስል ነበር። በቅርብ ዘመን የተደረገው ምርምር ግን የጥንት አገሩ የፔሩና የቺሊ ደረቅ ጠረፍ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወጥቶ ዓለምን የዞረው በሰው የቤት ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

የዚህን ምስጥ ሥራ ለማየት ከሴንት ሄሌና ወደ ሰሜን፣ በዚያው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የፖርቱጋል ደሴቶች ወደ አዞረስ መሄድ ይበቃል። በተርሴይራ ደሴት ያለችው አንግራ ዱ ኤሮይዝሙ የጥንት ወደብ ከተማ ናት። በጥር 1 ቀን 1980 የምድር መናወጥ ብዙውን ክፍሏን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በጥንቱ መልክ መልሶ ሠራት፤ ስለዚህም በ1983 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሊቃውንት በከተማይቱ ቤቶች ጣሪያ ውስጥ የደረቅ እንጨት ምስጥ አገኙ። ያን ጊዜ የገባ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የታወቀ ነበር እንጂ። አንድ መንጋ ክንፋሞቹን ለመስደድ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ብዙ ቤት ከመያዙ በፊት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። በጄምስታውን የሆነው የሃያ ዓመት ጸጥታ እዚህም ተደገመ። የአዞረስ መንግሥት በ2010 ስለ ምስጥ መከላከል ልዩ ሕግ አወጣ። ቤት ሲሸጥ ስለ ምስጥ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው፣ የተበላ እንጨትም እንዲሁ ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳይጓዝ ይጠነቀቃል። በ1840 በጄምስታውን ጨረታ ላይ ያልነበረው ይህ ነው።

ስለ መከላከሉ ከተነሣ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተደከመበት ቦታ ግን ሌላ ውቅያኖስ ውስጥ ነው፤ ሃዋይ። የሃዋይ ጠላት ኮፕቶተርሜስ ፎርሞሳኑስ የሚባለው የፎርሞሳ ምስጥ ሲሆን፣ በሆኖሉሉ በ1907 ተይዟል። ፎርሞሳ የታይዋን የቀድሞ ስሟ ነው። አንድ መንጋው እስከ ሚሊዮን ይደርሳል፤ በሞቃት ወራት ማታ ክንፋሞቹ ከመብራት ዙሪያ እንደ ደመና ሲበዙ ሰው መብራቱን ያጠፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በጦር ሠራዊት ዕቃ ማሸጊያ እንጨት ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ እንደ ተሻገረ ይታመናል።

በሃዋይ ለብዙ ዓመታት የታመነው በመርዝ ነበር። ቤት ከመሠራቱ በፊት መሠረቱ የሚያርፍበት አፈር ክሎርዴን በሚባል መድኀኒት ይነከር ነበር። መድኀኒቱ በአፈር ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ የተወደደውም የተጠላውም ስለዚሁ ነው። በሰው ጤናና በውሃ ላይ ያለው ጉዳት ሲታወቅ የአሜሪካ መንግሥት በ1988 ፈጽሞ ከለከለው። ቤቱን በድንኳን ሸፍኖ በመርዛም አየር ማጠንም የታወቀ ነው፤ በውስጡ ያለውን ምስጥ ሁሉ ይገድላል፤ ነገር ግን ድንኳኑ በተነሣ ማግስት አዲስ ምስጥ ቢገባ የሚከለክለው ነገር የለም።

በመጨረሻ ሁለት ብልኀት ተገኘ። አንደኛው ከድንጋይ የወጣ ነው። በካሊፎርኒያ በ1957 ሁለት ተመራማሪዎች የአሸዋው ቅንጣት በመጠኑ ልክ ከሆነ ምስጥ ሊያልፈው እንደማይችል አሳዩ። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሚኖሩ ታማሺሮና ባልደረቦቹ ይህን ዐሳብ ተከትለው የደሴቲቱን ጥቍር ድንጋይ፣ ባዛልቱን፣ ፈጭተው በወንፊት ለዩ። ቅንጣቱ ከ1.7 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ምስጡ በመንጋጋው ሊያነሣው ይከብደዋል፤ በመካከሉም ሊሾልክ ይጠብበዋል። ከዚህ በደቀቀ ተሸክሞ ይጥለዋል፤ ከዚህ በተለቀ ደግሞ በመካከሉ ያልፋል። በቤቱ መሠረት ሥር የሚነጠፈው ይህ ጠጠር አይመርዝም፤ አይበሰብስም፤ ዘመንም አያልፍበትም። እኛ ከነገሩ ሁሉ ይህን እጅግ አደነቅነው፤ የእሳተ ገሞራ ደሴት በራሷ ድንጋይ ተከላካይ አግኝታለችና።

ሁለተኛው በሃዋይ የታማሺሮ ተማሪ የነበረው፣ ኋላ በፍሎሪዳ የሠራው ናን ያው ሱ ያገኘው ነው። ምስጥ ሲያድግ ቆዳውን ይገፍፋል። ቆዳ መግፈፍን የሚከለክል መድኀኒት በእንጨት መብል ተደርጎ በአፈር ውስጥ ሲቀመጥለት ሠራተኛው ምስጥ ይበላል፤ ለወንድሞቹም ያጐርሳል። መድኀኒቱ ቶሎ አይገድልም፤ ጥበቡም በዚሁ ነው። ቶሎ ቢገድል መንጋው ደንግጦ ስፍራውን ይሸሽ ነበር። ቀስ እያለ ግን መላው መንጋ ከነምትክ ንግሥቱ ያልቃል። ይህ ዘዴ ከ1995 ጀምሮ ለገበያ ቀርቦ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወራሪው አልቀነሰም። አውስትራሊያዊው ሊቅ ጌይ በ1969 ከአገራቸው ወጥተው የሰፈሩትን ምስጦች ሲቈጥር 17 ዐይነት ነበሩ፤ በ2013 የወጣው ቈጠራ 28 አድርሷቸዋል። ደሴቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቁበት ምክንያት ግልጥ ነው። ደሴት ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ይኖራል፤ ዕቃውም በእንጨት ታሽጎ ይመጣል።

በሴንት ሄሌና ምስጡ አሁንም አለ። ናፖሌዎን ስድስት ዓመት ያህል የኖረበትን የሎንግውድን ቤት የፈረንሳይ መንግሥት በ1858 ገዝቶ ከዚያ ወዲህ ይጠብቀዋል። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ጐብኚ ንጉሡ የተመላለሰበትን ወለል እየረገጠ፣ የሞተበትን ክፍል እያየ ያልፋል። እንጨቱ ግን የዚያ ዘመን አይደለም፤ በምስጥ ስለ ተበላ እየተነሣ በሌላ ተተክቷል። በፊት ለፊት በኩል ያሉት የድንጋይ ደረጃዎች ብቻ የጥንቶቹ ናቸው።